የመከላከያ መድኃኒት የወባ ወረርሽኝን በመግታት ረገድ ያለው ፋይዳና ወሰን

ከሰኔ 1950 ዓ.ም አንስቶ እስከ ታህሳስ 1951 ዓ.ም በዘለቀው የወባ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች መታመማቸውንና 150 ሺህ ያህል ሰዎች መሞታቸውን በወቅቱ የተጠናቀሩ ግምቶች ያመለክታሉ። በሽታው ያን ያህል ሕይወት የቀጠፈው ነዋሪው ንዳድን አብሮት በኖረበት ቆላ አልነበረም። አብዛኛው ጉዳት የደረሰው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1 ሺህ 600 እስከ 2 ሺህ 150 ሜትር ከፍታ ባላቸውና ሕዝቡ ለወባ የመቋቋም አቅም ባላዳበረባቸው አካባቢዎች ነው። ከወትሮው የበዛው ዝናብና ከፍ ያለው ሙቀት ትንኟን ወደ ደጋው አፋፍ አወጣት። አገሪቱ ወባን ለማጥፋት ራሱን የቻለ ተቋም ያቋቋመችው ከዚህ እልቂት ማግስት፣ እ.ኤ.አ በ1959 ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወረርሽኙ በየጊዜው ተመልሷል። እ.ኤ.አ በ2003 ከሚያዝያ እስከ ታህሳስ ባሉት ወራት በ211 ወረዳዎች በተቀሰቀሰው ወረርሽኝ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሲታመሙ፣ 3 ሺህ ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። እ.ኤ.አ በ2024 ደግሞ ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7 ነጥብ 3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1 ሺህ 157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው መግለጫ ያስረዳል። የሟቾች ቁጥር ከሕሙማኑ ብዛት አንጻር ሲታይ ካለፉት ዘመናት እጅግ ያነሰ ነው፤ ይህም ምርመራና ሕክምና ወደ ቀበሌ መውረዱ ያስገኘው ውጤት ነው። የሕሙማኑ ቁጥር ግን በሽታውን ከሥሩ መግታት ገና እንዳልተቻለ ያሳያል።

ወረርሽኝ በተቀሰቀሰ ቁጥር በየደረጃው ባሉ አመራሮች ዘንድ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። የታመመው ወደ ጤና ኬላ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ፣ በአካባቢው ለሚኖረው ሕዝብ በሙሉ፣ ለታመመውም ላልታመመውም፣ መድኃኒት በዘመቻ ቢሰጥ ወረርሽኙ አይቆምም ወይ? የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን “አዎን” ወይም “አይሆንም” ተብሎ የሚቋጭ አይደለም፤ የሚወሰነው በጊዜ፣ በሽፋንና በመድኃኒቱ ዓይነት ነው።

ወባን በመድኃኒት አስቀድሞ መከላከል አዲስ ሐሳብ አይደለም። የኢጣሊያ መንግሥት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ኩዊኒን በመንግሥት ቁጥጥር ተመርቶ በዝቅተኛ ዋጋ ለሕዝቡ እንዲዳረስ በሕግ ደንግጎ ነበር። በአማርኛ ለማንኛውም የሚዋጥ እንክብል የሚያገለግለው “ክኒን” የሚለው ቃል ራሱ ከዚሁ መድኃኒት ስም የመጣ ነው።

በአሁኑ ጊዜ አሠራሩ በሦስት መልኩ ይታያል። የመጀመሪያው ወደ ወባማ አካባቢ ለሚጓዝ ግለሰብ የሚሰጠው መከላከያ ነው። ሁለተኛው በሳህል ቀጣና አገሮች በዝናቡ ወራት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት በየወሩ የሚሰጠው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2012 ይህን አሠራር ሲደግፍ ተጠቃሚዎቹ 200 ሺህ ገደማ ሕፃናት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ በ2023 ግን በአንድ ዙር በአማካይ 53 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት መድኃኒቱን አግኝተዋል። ሦስተኛውና ከወረርሽኝ ጋር በቀጥታ የሚያያዘው ለአንድ አካባቢ ነዋሪ በሙሉ በተመሳሳይ ጊዜ የሚካሄደው የጅምላ ዕደላ ነው።

የጅምላ ዕደላ ሁለት ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ያከናውናል። በአንድ በኩል የሕመም ምልክት ሳያሳዩ ተውሳኩን በደማቸው ተሸክመው የሚንቀሳቀሱ ሰዎችን ያክማል። እነዚህ ሰዎች ጤና ኬላ አይሄዱም፤ ቢሄዱም በፈጣን መመርመሪያ ላይታይባቸው ይችላል፤ ለትንኟ ግን የበሽታ ምንጭ ናቸው። በሌላ በኩል መድኃኒቱ በደም ውስጥ በሚቆይባቸው ቀናት አዲስ ተውሳክ እንዳያድግ ይከላከላል። ይህ ሁለተኛው ጥቅም ከመድኃኒት መድኃኒት ይለያያል። ከዳይሃይድሮአርቴሚሲኒን ጋር ተቀናጅቶ የሚሰጠው ፒፐራኩዊን ለአራት ሳምንት ያህል ሲከላከል፣ በአገሪቱ ለፋልሲፓረም ወባ ሕክምና በስፋት የሚያገለግለውና ኅብረተሰቡ “ኮአርተም” በሚል ስሙ የሚያውቀው አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን የመከላከል ጊዜው በእጅጉ ያጠረ ነው። በመጋዘን የተገኘውን መድኃኒት ለዕደላ ማዋል የማይመከርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጊዜ የሚለው ጉዳይ ከሁሉም በላይ ትኩረት ይሻል። ትንኟ የጣለችው እንቁላል ወደ በራሪ ትንኝ እስኪለወጥ በሞቃት አየር አሥር ቀን ያህል ይፈጃል። ሰው ነክሳ የወሰደችው ተውሳክ በሆዷ አድጎ ለሌላ ሰው ለመተላለፍ ሌላ አሥር ቀን ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። አዲስ የተነከሰው ሰው ትኩሳት የሚሰማው በትንሹ ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት በጤና ኬላው መዝገብ ላይ የሰፈረው ቁጥር ከአንድ ወር ገደማ በፊት የሆነውን የሚናገር ነው። አብዛኛው የኢትዮጵያ ወባማ አካባቢ ዋናው የመተላለፊያ ወቅት ከመስከረም እስከ ታህሳስ ነው። በጥቅምት አጋማሽ ከፍ ያለ ቁጥር ታይቶ፣ ስብሰባ ተደርጎ፣ መድኃኒት ተጠይቆና ተጓጉዞ ዕደላው በታህሳስ ቢጀመር፣ ወረርሽኙ በራሱ ጊዜ እየቀነሰ ባለበት ወቅት ይደርሳል። ከዕደላው በኋላ የሚታየው የቁጥር መውረድም የመድኃኒቱ ውጤት ተደርጎ በሪፖርት ይሰፍራል። እንዲህ ያለው ሪፖርት ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድ መነሻ ሲሆን ስህተቱ ይደገማል።

ለዚህም ነው የየሳምንቱ ክትትል ሰንጠረዥ ከመድኃኒቱ ቀድሞ የሚመጣው። በኢትዮጵያ በሥራ ላይ የዋለው አሠራር ያለፉትን አምስት ዓመታት የተመሳሳይ ሳምንት ቁጥር በማነጻጸር ሁለተኛውን ከፍተኛ ቁጥር እንደ ወሰን ይይዛል፤ የዘንድሮው ቁጥር ከዚያ ሲያልፍ ወረርሽኝ እንደተቀሰቀሰ ይቆጠራል። የአምስት ዓመት መረጃ በሌለበት ካለፈው ዓመት እጥፍ መሆኑ መለኪያ ይሆናል። ሰንጠረዡ በየሳምንቱ ካልተሞላ ወይም በወሩ መጨረሻ በአንድ ጊዜ ከተሞላ የዕደላው ወቅት አስቀድሞ አልፏል ማለት ነው።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮም ይህንኑ ያጠናክራል። ኒካራጓ እ.ኤ.አ በ1981 ክሎሮኩዊንና ፕሪማኩዊን ለሦስት ቀናት በመላ አገሪቱ አድላለች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ተሰማርተው 1 ነጥብ 9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች፣ ማለትም ከሕዝቡ 70 በመቶ የሚሆነው፣ መድኃኒቱን ወስዷል። የሕሙማኑ ቁጥር ለተወሰኑ ወራት ቀንሶ ተመልሷል፤ የቫይቫክስ ወባ ቀድሞ፣ የፋልሲፓረም ደግሞ ዘግይቶ። በሰሜን ናይጄሪያ ጋርኪ በተባለ አካባቢ እ.ኤ.አ ከ1969 እስከ 1976 በተካሄደው ሰፊ የምርምር ሥራ የቤት ውስጥ ርጭትና ተደጋጋሚ የመድኃኒት ዕደላ በአንድነት ተሞክረው ነበር። ተውሳኩ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ቁጥር እጅግ ወርዷል፤ የበሽታው መተላለፍ ግን አልተቋረጠም። ሥራው ሲቆም ወባው ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ከዚህ የተለየ ውጤት የተገኘው በፓሲፊክ ውቅያኖስ በምትገኘው የቫኑዋቱ ደሴት አናይቲዩም ነው። በዚያ እ.ኤ.አ በ1991 ለ700 ያህል ነዋሪዎች ለዘጠኝ ተከታታይ ሳምንታት መድኃኒት ተሰጥቷል፤ ጎን ለጎንም አጎበር ለሁሉም ተዳርሷል፣ የትንኝ ዕጭ የሚበሉ ዓሣዎችም በውኃ አካላት ተለቀዋል። የፋልሲፓረም ወባ ከደሴቷ ጠፍቷል። ሆኖም ይህ ከሌላው ዓለም በባሕር የተከለለ፣ ሰዎቹ በስም የሚታወቁበት ሥፍራ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በየዕለቱ አውቶቡስ የሚያልፍባትን የቆላ ከተማ ከአናይቲዩም ጋር ማመሳሰል አይቻልም።

የመድኃኒት ዕደላ በአስቸኳይ ጊዜ ያለውን ዋጋ የሚያሳየው ደግሞ የሴራሊዮን ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ በ2014 የኢቦላ ወረርሽኝ አገሪቱን ሲያናውጥ ማንኛውም ትኩሳት ያለበት ሰው በኢቦላ ይጠረጠር ነበር፤ አብዛኛው ትኩሳት ግን የወባ ነበር። በታህሳስ 2014 እና በጥር 2015 በሁለት ዙር ለ2 ነጥብ 5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አርቴሱኔትና አሞዲያኩዊን ታደለ። በቀጣዮቹ ሳምንታት የወባ ሕሙማን ቁጥር በጉልህ ሲቀንስ፣ በኢቦላ ጥርጣሬ የሚቀርበው ጥሪም ቀንሷል። የወባው መቀነስ በሳምንታት የሚቆጠር ነበር፤ የተፈለገውም ይህን ያህል ፋታ ነበርና ዓላማው ተሳክቷል። በናይጄሪያ ቦርኖ ግዛትም እ.ኤ.አ በ2017 በግጭት ምክንያት የጤና ተቋማት በፈራረሱበት አካባቢ ለሕፃናት ተመሳሳይ ዕደላ ተካሂዷል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2015 ባወጣው ምክረ ሐሳብ በወረርሽኝና ውስብስብ አስቸኳይ ሁኔታ በሚከሰትበት ጊዜ የጅምላ ዕደላ ሕመምንና ሞትን በፍጥነት ለመቀነስ ሊታሰብ እንደሚችል ገልጾ፣ ሌሎች የመከላከያ ሥራዎች ሳይዘገዩ አብረው እንዲጀመሩ አሳስቧል። እ.ኤ.አ በ2022 በተሻሻለው መመሪያም ዕደላው የሚያስገኘው ቅነሳ ከአንድ እስከ ሦስት ወር የሚዘልቅ መሆኑ ተመልክቷል። ሁሉንም ሰው መርምሮ የተገኘበትን ብቻ የማከም ዘመቻ ግን በመተላለፉ ላይ የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ በመሆኑ አልተደገፈም። አንድ ዕደላ ፋታ ይገዛል፤ ፋታው የሚጠቅመው በእነዚያ ሳምንታት የአጎበር ሥርጭቱ ከተሟላ፣ የጸረ-ወባ ኬሚካል ርጭቱ ከተካሄደና ትንኝ የሚራባበት ያቆረ ውኃ ከተፋሰሰ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያን ከአብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች የሚለያት አንድ ጉዳይ አለ። በሌሎቹ ዘንድ ወባ ማለት በአብዛኛው ፋልሲፓረም ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን ከሕሙማኑ መካከል ጉልህ ድርሻ ያለው በቫይቫክስ የሚያዘው ነው። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የሚነሳ በመሆኑ ደምን ብቻ የሚያጸዳ መድኃኒት አይነቅለውም። ለዚህ የሚያገለግለው ፕሪማኩዊን በተለመደው አሰጣጥ ለ14 ቀናት መወሰድ አለበት። ከዚህም ሌላ ጂ-6-ፒ-ዲ የተባለው ኢንዛይም እጥረት ባለባቸው ሰዎች ላይ ቀይ የደም ሕዋስን ሊያፈራርስ ስለሚችል ያለ ምርመራ በጅምላ ማደሉ አደጋ አለው። በፋልሲፓረም ላይ የሚሰጠው አነስተኛ የአንድ ጊዜ መጠን ከዚህ ይለያል፤ ተግባሩም ሕመምተኛውን ማዳን ሳይሆን ወደ ትንኟ የሚተላለፈውን የተውሳኩን ዓይነት ማምከን ነው። በመሆኑም አንድ ወረዳ ስለ ዕደላ ከማሰቡ በፊት ወረርሽኙ በየትኛው ተውሳክ እንደተነሳ ከላቦራቶሪ መረጃ ማወቅ ይጠበቅበታል።

መድኃኒቱ በተውሳኩ ዘንድ እየተለመደ መምጣቱ ሌላው ሥጋት ነው። ሰልፋዶክሲን-ፒሪሜታሚን፣ በተለምዶ ፋንሲዳር የሚባለው፣ እ.ኤ.አ በ2003ቱ ወረርሽኝ ጊዜ ዋናው የሕክምና መድኃኒት ነበር። ኃይሉ መዳከሙ በጥናት በመረጋገጡ በቀጣዩ ዓመት በአርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን ተተክቷል። እ.ኤ.አ በ2017 እና 2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች በሚገኙ 12 ወረዳዎች በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ የተካሄደ ጥናት ደግሞ ተውሳኩ አርቴሚሲኒንን በከፊል እንዲቋቋም የሚያደርግ ለውጥ በ8 በመቶው ላይ ማግኘቱን ይፋ አድርጓል። ሕሙማን የሚታከሙበትን መድኃኒት ላልታመመው ሁሉ ማደል እንዲህ ያለውን ተውሳክ መርጦ እንደ ማሳደግ ይቆጠራል። ለዕደላ የሚመረጠው መድኃኒት ለሕክምና ከሚያገለግለው የተለየ እንዲሆን የሚመከረውም ስለዚህ ነው።

ከአፈጻጸም አንጻር ሲታይ ስሌቱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። በጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር አንድ ጤና ኬላ በሁለት ሠራተኞች አማካይነት 5 ሺህ ሕዝብን ወይም አንድ ሺህ አባወራን እንዲያገለግል የተቀረጸ ነው። አንድ ቡድን በቀን 50 ቤት ቢያዳርስ ቀበሌውን ለመጨረስ 20 ቀን ይፈጅበታል። በዚያን ጊዜ ውስጥ መጀመሪያ የታደሉት ሰዎች የመከላከያ ጊዜ ሊያልቅ ይቃረባል፤ ዕደላው “በአንድ ጊዜ” የሚለው ትርጉሙ ይጠፋል። አራት ቡድን ቢሰማራ በአምስት ቀን ይጠናቀቃል። መድኃኒቱ ለሦስት ቀናት የሚወሰድ ሲሆን የመጀመሪያው መጠን በሠራተኛዋ ፊት ይዋጣል፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ለቤተሰቡ ኃላፊነት ይተዋሉ። ሦስት ዙር ከታቀደ ለአንድ ቀበሌ እስከ 15 ሺህ ሙሉ ሕክምና ያስፈልጋል። ከዚህ ላይ በእርግዝና የመጀመሪያ ሦስት ወራት ላይ ያሉ እናቶች፣ ክብደታቸው ከተወሰነው በታች የሆነ ጨቅላ ሕፃናት፣ በጽኑ የታመሙና የልብ ምት የሚያዛቡ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎች ይቀነሳሉ። ትኩሳት ያለበት ሰው ደግሞ ተመርምሮ እንደ ሕመምተኛ ይታከማል እንጂ ከዕደላው ጋር አይደመርም። ሽፋኑ ከ80 በመቶ በታች ከሆነ የሚጠበቀው ውጤት አይገኝም።

እንዲህ ያለውን ዘመቻ የማካሄድ ልምድ በአገሪቱ አለ። በአማራ ክልል ከኅዳር 2001 ዓ.ም ጀምሮ በተካሄዱት የወባና የትራኮማ ሳምንታት በሚሊዮን ለሚቆጠር ሕዝብ አዚትሮማይሲን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲታደል፣ ትኩሳት ያለባቸው ሰዎችም ለወባ ይመረመሩ ነበር። ዝሆኔን ለመከላከል የሚሰጡት አይቨርሜክቲንና አልቤንዳዞል እ.ኤ.አ ከ2009 ጀምሮ የታደሉት በተመሳሳይ አደረጃጀት ነው። ሆኖም የእነዚህ ዘመቻዎች ቀን የሚቆረጠው ከወራት በፊት ነው። ወረርሽኝ ያን ያህል ጊዜ አይሰጥም።

ከዕደላ ይልቅ በግለሰብ ደረጃ የሚሰጠው መከላከያ ይበልጥ ሊያገለግል የሚችልበት አንድ ሁኔታ የወቅታዊ ሠራተኞች ጉዳይ ነው። ወደ ሑመራና መተማ የሰሊጥ እርሻዎች በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች አብዛኞቹ ወባ ከማይበዛባቸው ደጋማ አካባቢዎች የሚነሱና የመቋቋም አቅም የሌላቸው ናቸው። ሌሊቱን በዳስ ወይም በሜዳ ያሳልፋሉ፤ ርጭት የሚደረግበት ግድግዳ የላቸውም። ሲመለሱም ተውሳኩን ይዘው ወደ ቀያቸው ይገባሉ። ይሁንና ከእርሻ እርሻ የሚዘዋወርን ሰው በየጊዜው መድኃኒት መውሰዱን መከታተል ከነዋሪው ይልቅ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ከባለ እርሻዎቹና ከላኪ ወረዳዎች ጋር የተቀናጀ አሠራር ይጠይቃል።

በስያሜ መመሳሰል ሳቢያ የሚፈጠር አንድ ብዥታም መጥራት አለበት። “ቢጫ ወባ” ከወባ ጋር በስም እንጂ በዝርያ አይዛመድም። በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ የወባ መድኃኒት አይነካውም፤ መከላከያው ክትባት ነው። እ.ኤ.አ በ2012 እና 2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2020 ደግሞ በጉራጌ ዞን ሲከሰት ምላሹ የክትባት ዘመቻ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በድሬዳዋ እ.ኤ.አ በ2013 የተከሰተው የዴንጊ ትኩሳትና በ2019 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ያጠቃው ቺኩንጉኒያም በትንኝ የሚተላለፉ ናቸው፤ ለእነርሱ የሚታደል የመከላከያ መድኃኒት ግን የለም። በእነዚህ በሽታዎች ጊዜ ዋናው ሥራ በውኃ ማጠራቀሚያ በርሜልና ገንዳ ውስጥ የሚራባውን የትንኝ ዕጭ ማስወገድ ነው።

ድሬዳዋ ሌላም ነገር አሳይታለች። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለው፣ ቀድሞ በእስያ ይታወቅ የነበረው የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ በ2016 በቀብሪ ደሃር ነበር። እ.ኤ.አ በ2022 በድሬዳዋ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በደረቁ ወቅት የተከሰተ ሲሆን፣ የተካሄደው ምርመራም ከዚህችው ትንኝ ጋር አያይዞታል። ትንኟ በከተማ፣ በቤት ውስጥ ውኃ ማጠራቀሚያና በግንባታ ሥፍራ ገንዳ ዓመቱን ሙሉ ትራባለች። የመስከረምን ዝናብ አትጠብቅም። ለገጠር ቀበሌ የተዘጋጀው የዕደላ የጊዜ ሰሌዳ በእንዲህ ያለው ከተማ አይሠራም፤ የየሳምንቱ ሰንጠረዥም በመስከረምና በጥቅምት ብቻ ሳይሆን በየካቲትና በመጋቢት ጭምር በተመሳሳይ ጥንቃቄ መሞላት ይኖርበታል።